የወጌሻው ምርጫ

ጓደኛሞቹ የከተማቸውን ሊግ ተጫዋቾች በየተራ እየመረጡ የየራሳቸውን ቡድን በወረቀት ላይ የሚያዋቅሩበትን ጨዋታ፣ ፋንታሲን፣ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ የመምረጥ ዕጣ ከመካከላቸው ለከተማው ክለብ ወጌሻ ወጣለት። ሁሉም ከአፉ የሚወጣውን ስም ጠበቁ፤ ማንን ጉልበቱን እንደሚያመው የሚያውቀው እሱ ነዋ። ዘንድሮ ጎል ያዘንባል የተባለው የዚያው ክለብ አጥቂ፣ ታናሽ ወንድሙ ምንተስኖት ነበር። ወጌሻው ግን “ለወንድሙ አደላ” እንዳይሉት ይሉኝታ ያዘውና ሌላ አጥቂ ጠራ።

“ኧረ ወንድሙን ዘለለው!” አለ አንዱ። “በቃ፣ የልጁ ጉልበት አብቅቶለታል።”

ሌሎቹም ምንተስኖትን አለፉት። ወሬው ምንተስኖትን ሊያስፈርም ቀን ቆርጦ የነበረ ትልቅ ክለብ ጆሮ ደረሰና ፊርማው ቀረ። ወጌሻው ለትልቁ ክለብ አሰልጣኝ ደወለ።

“ኮች፣ በማርያም! ልጁ ጤነኛ ነው። ጉልበቱን የማሸው እኔ ነኝ።”

“አይዞህ፣ ይገባኛል” አለ አሰልጣኙ በሐዘኔታ። “ወንድሙ አይደለህ? ሌላ ምን ልትል ትችላለህ?”