ንጹህ ማሽን ምንም አይሸትም

ራሷን እስከ ትከሻዋ ማሽኑ ውስጥ ከትታ ትንፋሿን ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። እንፋሎቱ ጉንጯን አሞቀው፣ ከላይ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ ማጅራቷ ላይ ወደቀች፤ ሽታ የሚባል ነገር ግን የለም።

«እህስ፣ እትዬ አፍንጮ?» አለ ባሬስታው ከባንኮኒው ጀርባ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። «እንክፈት ወይስ እንዘጋጋው?» ዓይኑ ደም ለብሷል። ሰሞኑን መጠጡን አብዝቷል ስትል ታዝባዋለች።

«ንጹህ ነው» አለችው።

አፍንጮ ያሏት አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ካፌው ከተከፈተ ጀምሮ የብርጭቆ ማጠቢያውን ማሽን የምታጸዳው እሷ ናት። ሥራ ሲያበቃ ውሃውን ታፈሳለች፣ ማጣሪያውን አውጥታ የሎሚ ፍሬና የስቴኪኒ ስባሪ ትለቅምበታለች፣ ውሃ የሚረጩትን ክንዶች ፈትታ ቀዳዳቸውን በመርፌ ትጎረጉራለች፣ የበሩን ጎማ እጥፋት በጨርቅ ትጠርግና አየር እንዲገባው ገርበብ አድርጋው ትሄዳለች። ጠዋት ደግሞ በሙቅ ውሃና በአንድ ክዳን በረኪና ባዶውን ታዞረዋለች፣ ቀጥላ በንጹህ ውሃ ብቻ። ከዚያ ታሸተዋለች። እሷ አሽትታ «ንጹህ ነው» ካላለች አንድም ብርጭቆ አይገባበትም። አንዴ ጎማው ውስጥ ተረስታ የበሰበሰች የብርቱካን ልጣጭ ጓዳው በር ላይ ሆና ሸትታታለች፤ ስሙ ያኔ ወጣላት።

ያ ሁሉ ከትኩሳቱ በፊት ነበር። ትኩሳቱ እህቷን ወሰደ። እሷን አልጋ ላይ ጥሎ አሰቃይቶ ማራት፤ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። መጀመሪያ ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል ብላ ጠበቀች። ባለፈው ሳምንት ግን ድስት ጥዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስታጥፍ፣ ቤቱ በጭስ መሞላቱን ያወቀችው ጎረቤት በሩን ሲደበድብ ነው። ለማንም አልተነፈሰችም፤ ሥራ አስኪያጁን ለምና እዚሁ አስተናጋጅ ላደረገቻት ለሟች እህቷ ልጅ እንኳ። አፍንጫ የሌላትን አፍንጮ ማን ያቆያታል?

ንጹህ ማሽን ሲከፈት ምንም አይሸትም። ጭንቀቷም ይኸው ነው፤ አሁን ዓለሙ ሁሉ ንጹህ ሆኖባታል። ቆሻሻው የት እንደተሸሸገ ማወቅ ሲያቅታት በረኪናውን ጨመረች። አንዱ ክዳን ሁለት ሆነ፤ ኋላ ክዳኑም ቀረና ከጠርሙሱ ታንቆረቁረው ጀመር። በንጹህ ውሃ ማዞሩንም ተወችው፤ መድኃኒቱን አጥቦ የሚወስድባት መሰላት።

የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች ታጥበው ወጡ፣ ደንበኞችም ገብተው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ የእህቷ ልጅ አንድ ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ አለ።

«እትዬ፣» አለ፤ ሰው ፊት መቆጣት የማይወድ ረጋ ያለ ሰው ነው። «አንድ ደንበኛ ውሃውን አፉ ውስጥ አድርጎ ተፋው። ብርጭቆው ይሸታል ነው የሚለው። እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

«ያ ሰውዬ እኮ ሚስቱም ሳትሸተው አትቀርም» አለ ባሬስታው። ማንም አልሳቀለትም።

ብርጭቆውን ተቀብላ አፍንጫዋ ስር አደረገችው። እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚነግራት ነገር የለም። ምንም አይሸትም እንዳትል፣ ሰውየው ተፍቶታል። ዝም እንዳትል፣ ቆመው አፍ አፏን ያያሉ። ሥራውን ከያዘች ጀምሮ ስትፈራው የኖረችውን ሽታ ከትዝታዋ ጎትታ አወጣች።

«ሻጋታ ነው» አለች። «ማጣሪያው ስር ቢራ ደርቆ ቀርቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁኑኑ ፈታትቼ አጸዳዋለሁ።»



«ሻጋታ?» አለ ባሬስታው፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ዓይኗን ስትገልጥ የእህቷ ልጅ እንባ አቅርራለች፤ አንዷ ዘለላ ጉንጯ ላይ ወርዳለች። ምነው ይቺ ልጅ፣ አለች በሆዷ፣ ገና ማንም ሳያባርረኝ ታለቅስልኛለች። ዞር ስትል የሥራ አስኪያጁም ዓይን ቀልቷል፣ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ሸፍኗል። ባሬስታውም ዓይኑን በፎጣው ያሻል። ከጀርባዋ የተከፈተው ማሽን እንፋሎቱን ይተፋል። እጇን ወደ ፊቷ ሰደደች። የራሷም ጉንጭ ርሷል።

«አክስቴ፣» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በረኪና እኮ ነው። በር ላይ ሆኜ ይሸተኛል። ሰሞኑን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ አንቺ ንጹህ ነው ስትይ ማን ደፍሮ…»



ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

የጠየቃት ስለ ብርጭቆው እንዳልሆነ ገባት።

«ከእህቴ ወዲህ» አለች።

አልተቆጣም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር። ፊቱን ወደ ባሬስታው አዞረና «በንጹህ ውሃ ደጋግመህ አዙረው» ብቻ አለው። ባሬስታው ቀልዱ ጠፍቶበት፣ እሷን ላለመንካት ጎኑን አጥብቦ በአጠገቧ አለፈ። ውሃውን አፈሰሰ፣ ሞላ፣ በሩን ዘጋ። ማሽኑ ሆዱን እያንቦጫረቀ ሲዞር ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም። ቆመ። እንደገና ዞረ፣ እንደገና ቆመ።

ባሬስታው በሩን ከፈተ። ፈቃድ እንደሚጠይቅ አንዴ አያትና ጎንበስ ብሎ ራሱን እስከ ትከሻው ውስጥ ከተተ። ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ። ልጅቷና ሥራ አስኪያጁ ጀርባውን ያያሉ። እሷም እርጥብ ጨርቋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ ምን እንደሚል ትጠብቃለች።