ከማዶ የመጣው ሊንክ

ልጅቷ የአባቷን የሰዓት ጥገና ድረ ገጽ ስትከፍት ክው አለች። አባትየው "የግድግዳ ሰዓት ከሆነ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ይበልጠኛል" ብሎ የማዶውን ሰዓት ሠሪ ሊንክ ለጥፎበታል።

"አባዬ! ሌሎች ወደኛ ሊንክ እንዲያደርጉ ጠይቅ አልኩህ እንጂ ደንበኛ ለባላንጣህ ላክ አልኩህ?"

"ታዲያ ውሸት ነው?" አለ፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ።

እየተነጫነጨች ወደ ገጻቸው የሚመሩትን ሊንኮች ዝርዝር ከፈተች። ለወራት ባዶ በነበረው ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ከማዶው ሰውዬ። ሊንኩን ከፍታ ስልኳን ለአባቷ አቀበለችው።

"የእጅ ሰዓት ለሱ ስጡት፤ የኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል" ይላል የሰውዬው ገጽ።

አባትየው ፈገግ አለ። ደግሞ አነበበው። "ይሄን እኮ ለኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም" አለና፣ ፈታትቶ የዘረገፈውን ሰዓት እንዳለ ትቶ መንገዱን ተሻገረ።