ሰባቱ አዲስ እሬቶች

የዕፅዋት ባለሙያዋ በየዓመቱ ወደዚህ በረሃ የምትወርደው አንድ የእሬት ዓይነት ልትቆጥር ነው፤ ከዚህ ሌላ የትም አይበቅልም። አምና አሥራ ዘጠኝ ብቻ አግኝታ ሆዷ ባብቶ ነበር። መንገድ የሚመሯትን ሽማግሌ፣ አባባ ዋርሰሜን፣ "ሃምሳ እንኳ ቢሞሉ፣ ሊጠፉ ነው ከሚባሉት መዝገብ ይወጡ ነበር" ብላቸው ነበር የሄደችው።

ዘንድሮ ዝናቡ ለሦስተኛ ጊዜ ቀርቷል። ግመሎቹ እንኳ አልቀዋል። አንድም እሬት አላገኝም ብላ ነው የመጣችው። ግን አሥራ ዘጠኙም ዳገቱ ላይ አሉ። ከዳገቱ በታች ደግሞ፣ ሜዳው ላይ፣ ዙሪያቸውን ድንጋይ የተደረደረላቸው ሌሎች ሰባት ትናንሽ እሬቶች ስታይ እልል በይ እልል በይ አላት። ሽማግሌው ሸበጣቸውን አውልቀው ዳር ቆሙ። እሷ ሜትሯን አውጥታ ተንበረከከች።

"ሃያ ስድስት ገቡ እኮ አባባ! ማን ተከላቸው?"

"እኛው ነን። ከትልልቆቹ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ እየነቀልን።"

"እግዜር ይስጥልኝ! ይቺማ ገና ስንዝርም አትሞላም።"

"እሷ ሂቦ ናት" አሉ ሽማግሌው። "የልጅ ልጄ። አራት ዓመቷ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ስንቀብር ራስጌው ላይ እሬት እንተክላለን።"

ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

ሽማግሌው አጎንብሰው የትንሿን እሬት አቧራ በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት።

"ስንት ሲሞሉ ነው ያልሽኝ፣ ልጄ?"