የትንኝ እናት

ሰው ከብት ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፤ እሷ የምታረባው የወባ ትንኝ ነው። ጎረቤቶቿ "የትንኝ እናት" እያሉ ይስቁባት ነበር። ባለፈው ክረምት የበኩር ልጇን ወባ ሲወስድባት ግን ቀልዱ ከአፋቸው ጠፋ። አሁን የቀረቻት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ናት።

በምትሠራበት ላቦራቶሪ የትንኞቹ እጮች ውሃ በያዙ ትሪዎች ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ተራዎቹ ናቸው፤ አድገው ወባ ያስተላልፋሉ። ሰማያዊ ያለባቸው ደጎቹ ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ወባን የምታፍን ባክቴሪያ ስላለች ቢነድፉም ወባ አያስይዙም። የሚለቀቁት ግን ለወንዝ ማዶ መንደሮች ብቻ ነው። የእሷ ሰፈር ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ስትነግረው ባሏ፣ የዚያው ግቢ ዘበኛ፣ "እኛስ ሰው አይደለንም?" አላት።

"ተራችን ይደርሳል" አለችው፤ እሷም አላመነችበትም።

ብዙም ሳይቆይ ከሰማያዊዎቹ ትሪዎች እጮች ይጎድሉ ጀመር። በየሳምንቱ አንድ ጭልፋ የተቀዳ ያህል። ጥርጣሬዋ ጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ወደቀ። አሮጊቷ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ የልጅ ልጃቸውን በወባ ቀብረዋል፤ ትሪዎቹ ጋ ቆመው "ደጉ የትኛው ነው?" ብለው የጠየቋትም እሳቸው ናቸው።

"ተያቸው" አላት ባሏ። "ለልጅ ብሎ የወሰደ ሌባ አይባልም።"

"የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ሊገባ ነው እኮ።"

"እሺ በቃ፣ ሲወጡ ቦርሳቸውን እፈትሻለሁ።"

ፈተሸ። ከባዶ ምሳ ዕቃና ከአሮጌ ሻርፕ በቀር ምንም አላገኘም።

እሷም እልህ ያዛት። አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ፕላስተሮቹን አቀያየረቻቸው፤ ሰማያዊውን ከተራዎቹ ላይ፣ ቀዩን ከደጎቹ ላይ ለጠፈች። ሌባው ተራዎቹን ይዝቅ፣ ደጎቹ ይትረፉ። የሚወሰዱት ትንኞች የሰው ቤት ገብተው ምን ያደርሳሉ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባት ነበር፤ ንዴቷ በለጠ። ነገሩን ለኃላፊው ብቻ ነገረች። ባሏ ወሬ መቋጠር ስለማይችል ለእሱ ትንፍሽ አላለችም።

ሰማያዊ ከተለጠፈባቸው ትሪዎች መጉደሉ አልቆመም። ሁለት ወር ሲሞላው ትዕግሥቷ አለቀና የአሮጊቷን ስም ለኃላፊው ሰጠች። በማግሥቱ ተባረሩ።

"ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጄን አፈር ያለበስኩ ሰው ነኝ" አሏት በሩ ላይ። "በዚህ ነገር አልቀልድም። አንቺም ቀብረሻል፣ ታውቂዋለሽ።"

ባሏ በሩን ሲከፍትላቸው ቀና ብሎ አላያቸውም። አሳዝነውት ይሆናል ብላ አለፈችው።

በሳምንቱ ትንሿን ልጅ አተኮሳት። "እማ፣ በረደኝ" እያለች ትንቀጠቀጣለች። እናቷ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አለች።

"ጉንፋን ነው" አለ ባሏ። "ዝም ብለሽ አትሸበሪ።"

በማግሥቱም ጉንፋን ነው አለ። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ ዓይን ሲገለበጥ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። ነርሷ ጣቷን ወግታ ደሟን መረመረች፤ መድኃኒቱንም ሰጠቻት። እኩለ ቀን ላይ ግን እየተጣደፈች የነበረችው ነርስ ቀስ አለች፤ አንሶላውንም ሳብ አድርጋ ትንሿን ፊት ሸፈነችው።

"ወባ ነበር" አለች ነርሷ። "ትናንት እንኳን ብታመጧት ኖሮ..."

እናት ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። "የአሮጊቷ እንባ ነው" አለች። "ግፋቸው ነው የደረሰብኝ።"

አባት ሚስቱን አልሰማትም፤ ነርሷን ነበር የሚያየው።

"ተሳስተሻል እህቴ፣ ወባማ ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ወር ሙሉ ደጎቹን እጮች ከላቦራቶሪ እየቀዳሁ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኩሬ ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ።"