የቴስቶስትሮን ማዘዣ

ፋርማሲስቷ የቴስቶስትሮኑን ማዘዣ ወደ ብርሃን አንስታ ማኅተሙን መረመረች። ሰሞኑን የጂም ጎረምሶች ሐሰተኛ ማዘዣ እያመጡ አስቸግረዋታል።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጡንቻ ሊያሳብጡ ነው?» አለች፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ።

ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገው ሰውዬ «የዘር ፍሬዬ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ሰውነቴ የወንድ ሆርሞኑን ራሱ አያመነጨውም፣ እህቴ» አለ በሹክሹክታ። «ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው ነበር።»

«ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ በራሱ አንደበት ካላረጋገጠልኝ አልሰጥም፤ ሕግ ነው!»

«እባክሽ አትደውዪለት።»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?» ብላ ከማኅተሙ ሥር ወዳለው ቁጥር ደወለች።

ስልኩ ሰውዬው ኪስ ውስጥ ጮኸ። አወጣና ጆሮው ላይ አደረገው።

«አቤት፣ ዶክተር ልሳነወርቅ ነኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «አዎ፣ ለራሴ ያዘዝኩት እኔው ነኝ።»