ስድስት የሚመታው ሰዓት

«ልታየኝ ስላልፈለግህ ነው የምትተኛው!» አለች ውድነሽ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ።

«ማርያምን፣ ሰዓቱ ስድስት ጊዜ ሲመታ እሰማለሁ። ቀትር መስሎኝ ተገላብጬ እተኛለሁ» አለ ባሏ መኳንንት።

«እንግዲህ በሰዓት አሳብብ፣ አንተ ሰውዬ!»

ከተማው የቀን ሰውና የሌሊት ሰው ተብሎ ከተከፈለ ወዲህ ባልና ሚስቱ በአንድ አልጋ የሚተኙት በየተራ ነው። መኳንንት የሌሊት ሰው፣ እሷ የቀን። የሚገናኙት ምሽት፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ብቻ ነው። የተኛን ሰው መቀስቀስ ደግሞ ያሳስራል። ሰሞኑን ያቺን ሰዓት ውድነሽ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብላ ሲያንኮራፋ እየሰማች አሳልፋታለች። ዛሬ በራሱ ነቅቷል፣ ግን ዘግይቶ።

«አሳይሻለሁ» ብሎ ሰዓቱን ከግድግዳ አወረደና ጀርባውን ከፈተ።

«ተወው፣ መኳንንት። እራት እንብላ።»

አልሰማትም። ጥፋቱ ገብቶታል። ሰዓቱን ባለፈው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሲገዛው በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነበር። ወደ ሐበሻ ሲመልሰው ያዞረው አጭሩን ቀስት ብቻ ነው፤ ደወሉን የሚመታው መዶሻ አሁንም በፈረንጅ ይቆጥራል። ቀስቱ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ስድስት ይመታል። የመዶሻውን ማንሻ በጣቱ እያነሳ፣ ቆጠራው ከቀስቱ እስኪገጥም ደወሉን ደጋግሞ አስመታው።

«ይኸው! አልዋሸሁም!» ብሎ ዞረ።

ውድነሽ እሱ በለቀቀው የአልጋ ሙቀት ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እንቅልፍ ይውሰዳት አይውሰዳት አላወቀም። ወደ ትከሻዋ የሰደደውን እጁን መለሰ።

ሰዓቱ ጥርት ባለ ድምፅ አንድ መታ።

ጃኬቱን ደረበ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ደረጃውን ከሚወርዱት የሌሊት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ።