ያልታወቀ ዕቃ

ሴትየዋ ስልክ ጠጋኙ በቀየረላት የአሻራ ቁልፍ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ስልኩ "ያልታወቀ ዕቃ ተገጥሟል፤ ለደህንነትዎ ሲባል ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"ከራሳቸው ከአምራቾቹ ሌላ ስልክ ላይ የፈታሁት ኦሪጅናል ነው እኮ!" አለ ጠጋኙ። "ከሱቃቸው ካልተገዛ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ነው የሚያዩት።"

"እነሱ ጋ ልውሰደዋ።"

"ይከፍቱልሻል፣ እህቴ፤ ግን ውስጡን ሁሉ አጥፍተው ነው።"

"የአባዬ ድምፅስ?"



አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ከታመሙ ወዲህ አንዲት ቃል ወጥታቸው አታውቅም፤ ሲያወሩና ሲስቁ የተቀዳው ድምፃቸው ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። ስልኩን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና ወደ አፋቸው አስጠጉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ መስታወቱን አደበዘዘው።